«የድሃ ድሃ» ማን ነው?

ዛሬ ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ ካርድ ላውራችሁ።

ሰሞኑን አንዲት እናት ግፊታቸው በጣም ከፍ ብሎ መጡ። አምቦ ውስጥ ጉልት ነው የሚቸረችሩት። «አዴ፣ መድኃኒቱን ለምን አቋረጡት?» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ካርዱ ዘንድሮ አልታደሰልኝም፤ ስሜ ከዝርዝሩ ወጥቷል» አሉኝ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ኦሮሚያን ጨምሮ በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። የሚችል ቤተሰብ የዓመት መዋጮውን ራሱ ይከፍላል። ለማይችለው፣ «የድሃ ድሃ» ለሚባለው፣ ክልሉና ወረዳው ተጋርተው ይከፍሉለታል። ማን ይግባ የሚለው ደግሞ ቀበሌ ላይ ነው የሚመረጠው።

ይሄ ለእኔ ትክክል ነው። አዲስ አበባ ላይ በተቆረጠ አንድ የገቢ ልክ የጀልዱን ገበሬና የአምቦን ቸርቻሪ እኩል መመዘን አይቻልም። ጎረቤት ግን ማን ጾሙን እንዳደረ ያውቃል።

ችግሩ ኮታው ላይ ነው። ለምሳሌ 50 ድሃ ቤተሰብ ላለበት ቀበሌ የ30 በጀት ብቻ ከመጣ፣ 20ዎቹ በወረቀት ላይ «መክፈል የሚችሉ» ሆኑ ማለት ነው! ከጉደር ወይ ከጊንጪ ለቀን ሥራ አምቦ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚኖረውስ? የቀበሌ መታወቂያ ከሌለው ማን ይመስክርለት?

አሜሪካም ከዚህ አልዳነችም። ሜዲኬይድ የሚባለውን የድሆች መድን የማስፋቱን ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ለየግዛቱ ምርጫ ተወው። ሉዊዚያና አሰፋች፣ ጎረቤቷ ቴክሳስ እምቢ አለች። ልጅ የሌለው አንድ ድሃ ጎልማሳ እዚያ ካርድ አለው፣ ድንበሩን ሲሻገር የለውም።

ስለዚህ ክልሉና ወረዳው ይወስኑ፣ ግን ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት ነዋሪው ይየው፤ ቅሬታ የሚሰማበት ቀን ይኑር፤ ስሙ የወጣ ሰው ምክንያቱ ይነገረው። ስም መለጠፍ ያሳፍራል የምትሉ ትኖራላችሁ፣ እውነት ነው። ቢሮ ገብቶ በግል ማየት ይቻላል እኮ።

እስከዚያው ግን ይሄን እወቁ፦ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ ክትባት፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ ካርድ ባይኖራችሁም ነፃ ነው። የግፊትና የስኳር መድኃኒት ግን እዚህ ውስጥ የለም፣ ስም ከዝርዝር ሲወጣ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚቋረጠው እሱ ነው።

ለእናታችን ከባልደረቦቼ ጋር አዋጥተን የአንድ ወር ገዛንላቸው። ለሚቀጥለው ወር መልስ የለኝም።

በእናንተ ቀበሌ ዝርዝሩን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።