መኪናውን ተወውና ማን እንደሸጠው ንገረኝ!

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። አሜሪካ ውስጥ ግን የመኪናን ስም የሚያወጣው መልአክ ሳይሆን ነጋዴ ነው። ለዚያውም ሱቁን ከዘጋ ብዙ ዓመት የሆነው ነጋዴ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሼቭሮሌት ካማሮዎች ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። ሁለቱም የ1969 ምርት ናቸው (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ሁለቱም ፋብሪካው ራሱ የገጠመላቸው 427 ኪዩቢክ ኢንች ሞተርና 425 የፈረስ ጉልበት አላቸው። ኮፈናቸውን ከፍተው ቢያዩ መንታ ናቸው። አንደኛው ስሙን ማንም በማያነሳው አንድ አከፋፋይ በኩል ተሸጠ። ሁለተኛው ደግሞ ፔንሲልቬኒያ፣ ካኖንስበርግ በምትባል ከተማ በነበረው በዶን የንኮ ድርጅት በኩል አለፈ። ዛሬ ሁለቱ ጨረታ ላይ ሲወጡ የየንኮው ጥሎት ይሄዳል። ያው ብረት፣ ያው ሞተር፣ ያው ጎማ! ታዲያ ገንዘቡ የሚከፈለው ለምኑ ነው?

ብዙ ሰው «የሀብታም እብደት ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ግማሹ እብደት፣ ግማሹ ደግሞ ሚዛን የሚደፋ ቁም ነገር ነው ባይ ነኝ። ሁለቱን ያልለየ ገዢ ነው ቤቱን አስይዞ ገደል የሚገባው።

በመጀመሪያ ቁም ነገሩን እንይ። በ1960ዎቹ ጄኔራል ሞተርስ «ካማሮን በመሳሰሉ አነስተኛ መኪኖች ላይ ከ400 ኪዩቢክ ኢንች በላይ የሆነ ሞተር አይገጠምም» የሚል የራሱ ሕግ ነበረው። ወጣቱ ደግሞ የሚፈልገው ጉልበት ነው። ይህን ክፍተት ያዩት አለቆቹ ሳይሆኑ አከፋፋዮቹ ናቸው። የንኮ መጀመሪያ በ1967 በገዛ ጋራዡ ሞተር እያወረደ ትልቁን ይገጥም ጀመር። ኋላ ግን ዘዴ አገኘ። ኩባንያው ለታክሲና ለፖሊስ መኪና የሚጠቀምበት፣ በዋናው ቢሮ በኩል የሚያልፍ ልዩ የማዘዣ መንገድ ነበረው። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ኮፖ» ይሉታል። የንኮ በዚህ የጓሮ በር ገብቶ ለ1969 ወደ 200 የሚጠጉ ካማሮዎችን ባለ 427 አድርጎ አሠራ። የኩባንያው ሕግ በኩባንያው ማዘዣ ተሻረ ማለት ነው።

ኢሊኖይ ውስጥ ላሃርፕ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ የነበረው ፍሬድ ጊብ ደግሞ የባሰበት ነው። ሙሉ በሙሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ «ዜድ ኤል 1» የተባለ የእሽቅድምድም ሞተር የተገጠመላቸው 50 ካማሮዎች አዘዘ። በጠቅላላው የተሠሩት 69 ብቻ ናቸው። ሂሳቡ ሲመጣ ግን ሞተሩ ብቻውን ከ4,000 ዶላር በላይ፣ መኪናው ከነሞተሩ ከ7,000 ዶላር በላይ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዘመን ይህን ማን ይከፍላል? መኪኖቹ ቆመው ቀሩ። ኩባንያውም ብዙዎቹን መልሶ ወስዶ ለሌሎች አከፋፋዮች በተናቸው። ያኔ ገዢ ያጡት እነዚያ መኪኖች ዛሬ በመቶ ሺህ ዶላሮች ይጠየቅባቸዋል።

ቺካጎ ላይ ደግሞ «ሚስተር ኖርም» በሚል ስም የሚታወቀው ኖርም ክራውስ በግራንድ ስፖልዲንግ ዶጅ ትንሿን ዶጅ ዳርት በ440 ሞተር እያስጫነ ሸጠ። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ሻጮች ብቻ አይደሉም፤ የመኪናው ግማሽ ሠሪዎች ናቸው። እነሱ ባያዝዙ ኖሮ መኪናው ራሱ አይኖርም ነበር። ለእነሱ ስም ገንዘብ መክፈል ለሠሪ እንደ መክፈል ስለሆነ አልቃወመውም።

አሁን ወደ እብደቱ እንምጣ። ዛሬ ገበያው ላይ አንድ መኪና በዚያ ሱቅ በር ስላለፈ ብቻ ዋጋው የሚሰቀልበት ጊዜ አለ። ሱቁ ምንም አልነካውም። ምንም አላዘዘለትም። ስድስት ሲሊንደር ያለው የቤተሰብ መኪና ሊሆን ይችላል። ግን ኋላው ላይ የአከፋፋዩ አርማ ተለጥፏል፤ በቃ «ታሪካዊ» ተባለ! እንዲህ ከሆነ በታዋቂ ሐኪም ደጃፍ ያለፈ ሁሉ ዳነ ልንል ነው።

ደግሞስ የእነዚያ ሱቆች ስም ሁሉ ንጹሕ ነበር ወይ? ሚሺጋን፣ ሮያል ኦክ የነበረው ሮያል ፖንቲያክ በ1964 «ካር ኤንድ ድራይቨር» ለተባለው መጽሔት የፈተና መኪና አዘጋጅቶ ነበር። ጂቲኦ የተባለችው ፖንቲያክ በዚያ ፈተና ያሳየችው ፍጥነት አገር ጉድ አሰኘ። ከብዙ ዓመት በኋላ የፖንቲያክ የማስታወቂያ ሰው የነበረው ጂም ዋንገርስ እውነቱን አወጣው፤ መኪናዋ ውስጥ የነበረው ሞተር ለሕዝብ የሚሸጠው 389 ሳይሆን ተለቅ ያለው 421 ነበር። ዝናው ላይ ራሱ ትንሽ ማጭበርበር ተቀላቅሎበታል ማለት ነው። ስምን ሳይመረምሩ ማምለክ ዳርቻው ይኸው ነው።

ዋናው ጉድ ግን ወረቀቱ ላይ ነው። እኛ አገር መኪና የገዛ ሰው ሊብሬውን ይዞ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ያመሳክራል። የ1960ዎቹ ሼቭሮሌት ግን እስከ 1972 ድረስ የሻንሲ ቁጥሩ ስድስት ሲሊንደር ይሁን ስምንት እንጂ የትኛው ሞተር እንደተገጠመለት አይናገርም። ስለዚህ ተራውን ካማሮ «ኮፖ ነው» ብሎ ለመሸጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። የሞተሩን ቁጥር ፍቆ እንደገና የሚመታ እጀ ሰባራ ያልሆነ መካኒክ ከተገኘ ደግሞ ጨዋታው አለቀ።

መፍትሔው ምንድነው? የወረቀት ሰንሰለት! የፖንቲያክ ከሆነ የፋብሪካው የሽያጭ ሰነድ ቅጂ ይገኛል። የፎርድ ከሆነ ከ1967 ወዲህ ያለውን የምርት መዝገብ መሠረት ያደረገ «ማርቲ ሪፖርት» የሚባል አለ፤ መኪናው ለየትኛው አከፋፋይ እንደተላከ ይናገራል። ካናዳ የተሸጠ የጄኔራል ሞተርስ መኪናም እዚያው ካናዳ መዝገብ አለው። አሜሪካ የተሸጠው ሼቭሮሌት ግን ዕድሉ የቀና አይደለም። ገዢው ከዋስትና ደብተሩ ጋር የተሰጠችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ፣ ሰልባትዮ ላይ ወይም ወንበር ሥር የተገኘ የፋብሪካ ወረቀትና የድሮ ደረሰኝ ሲያስስ ይኖራል።

እዚህ ላይ ነው ግፉ የሚመጣው። ባሏ የሞተባት አሮጊት ጋራዥ ያለውን መኪና በርካሽ ትሸጣለች፤ ከመሳቢያዋ ውስጥ ያለው ቢጫ ደረሰኝ ከመኪናው እኩል ዋጋ እንዳለው የነገራት የለም። ገዢው «ወረቀት ካለሽ ጨምሪልኝ» ይላታል፣ እሷም መርቃ ትሰጠዋለች። የከፋው ደግሞ መኪናው የጠፋ፣ የተቃጠለ ወይም የተሰባበረ ሆኖ ወረቀቱ ብቻውን የሚሸጥበት ገበያ መኖሩ ነው። መኪና የሌለው ወረቀት ለማን ይጠቅማል? ወረቀት ለሌለው መኪና ነዋ! ሙት ለቆመ መታወቂያ ሰጠ።

«ዝናም ዋጋ ነው፤ ነጋሽ የለበሰው ካባና ተራ ካባ እኩል ነወይ?» የሚሉኝ አይጠፉም። እውነት ነው፣ እኩል አይደለም። ግን ንጉሡ መልበሱ ይረጋገጥ! አብዛኛው ጨረታ ቤት የሚሸጠው «እንዳለ» ነው። መዶሻው ከወረደ በኋላ «ተታለልኩ» ቢሉ ሰሚ የለም። ካታሎጉ ላይ ግን ያ የአከፋፋይ ስም በትልቁ ተጽፏል። ስሙን ለመጻፍ የማያፍር ስሙን ለማስረገጥ ለምን ያፍራል? ጨረታ ቤቱ በአከፋፋዩ ስም ዋጋ ሲያስጨምር ለዚያ ስም ዋስ ሊሆን ይገባል። ካልሆነ አይጻፈው!

ለገዢውም ሦስት ጥያቄ ይበቃዋል። አንደኛ፣ ይህ አከፋፋይ መኪናው ላይ ምን ሠራ? ሁለተኛ፣ መሥራቱን የሚናገረው ወረቀት ያኔ የተጻፈ ነው ወይስ ትናንት? ሦስተኛ፣ ከመጀመሪያው ባለቤት እስከ ዛሬ ድረስ መኪናው በማን በማን እጅ አለፈ? ሦስቱም ከተመለሱ ይክፈል፤ የሚገባው ዋጋ ነው። አንዱ ከጎደለ ግን ለብረቱ የብረቱን ዋጋ ሰጥቶ፣ አርማውን ለሻጩ መልሶ ይለጥፍለት።