የድልድይ ወለልና የሰፊው ሕዝብ ድርሻ

ድልድይ ሁለት የወንዝ ዳርቻዎችን የሚያገናኝ የብረትና የሲሚንቶ ሥራ ብቻ አይደለም። በሕዝብ ገንዘብና በወዛደሩ ጉልበት የተገነባ የጋራ ሀብት ነው። ስለሆነም ከወለሉ ለማን ስንት ሜትር ይድረሰው የሚለው ውሳኔ ላይ ላዩን ሲያዩት የመሐንዲስ ጉዳይ ቢመስልም፣ በመሠረቱ የፍትሕ፣ ከዚያም አልፎ የመደብ ጥያቄ ነው።

በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. ተመርቆ ለአገልግሎት የበቃው የባሕር ዳሩ አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። ከስልሳ ዓመት በላይ ያገለገለው አሮጌው ድልድይ ጠባብ ስለነበረ እግረኛው፣ ብስክሌተኛውና ወደ ጎንደር የሚያቀናው የጭነት መኪና በአንድ መተላለፊያ ይጋፉ ነበር። አዲሱ በየአቅጣጫው ለተሽከርካሪ ሦስት ሦስት ረድፍ፣ ከዚህም ሌላ ለብስክሌተኛና ለእግረኛ የተለየ መንገድ ይዞ ተሠርቷል። በባሕር ዳር ብስክሌት የመዝናኛ ዕቃ ሳይሆን ተማሪው ከትምህርት ቤቱ፣ ሠራተኛው ከሥራው የሚደርስበት መሣሪያ መሆኑን ከተማይቱን ያየ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ ይህ የዲዛይን ውሳኔ ትክክለኛ ነበር ማለታችን ውዳሴ ለማብዛት አይደለም።

ይሁን እንጂ በንድፍ የተሰጠ ድርሻ በተግባር ካልተጠበቀ ሊነጠቅ ይችላል። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን በካሊፎርኒያ ሳንፍራንሲስኮንና ኦክላንድን የሚያገናኘው፣ በዚያ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችንም ዘወትር የሚያዩት ባለ ሁለት ፎቅ ድልድይ ነው። ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1936 ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ በታችኛው ፎቅ በተዘረጉ ሁለት ሐዲዶች የኤሌክትሪክ ባቡሮች እየተመላለሱ ሕዝቡን ያሻግሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ባቡሩ ቆመ። ሐዲዱ ተነቅሎ ሁለቱም ፎቆች አምስት አምስት ረድፍ ሆነው ለሞተር ተሽከርካሪ ብቻ ተሰጡ። ለመኪናው ቦታ ለማስፋት ታስቦ የተደረገው ይህ ለውጥ መጨናነቁን አላስቀረም። ከዚያስ? ሕዝቡ በባቡር የሚሻገርበትን መንገድ መልሶ ለማግኘት ከባሕሩ ወለል ሥር ቱቦ መቅበር ግድ ሆነ፤ ይህም አገልግሎት የጀመረው ሐዲዱ ሥራ ካቆመ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ነበር።

የብስክሌተኛው ዕጣ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የተጎዳው የምሥራቁ ክፍል በአዲስ ተተክቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲከፈት የብስክሌትና የእግር መንገድ ተጨመረለት። መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2016 መካከል ላይ ካለችው ደሴት ደረሰ፤ በምዕራቡ ክፍል ግን እስከ ዛሬ የለም። ግማሽ ድልድይ ለብስክሌተኛ ድልድይ መባሉ ያጠራጥራል።

ለአውቶቡስና ለብስክሌት ቦታ መለየት የኢኮኖሚውን እንቅስቃሴ ያንቃል የሚሉ ወገኖች አሉ። እነዚህ ወገኖች የሚቆጥሩት ጎማ እንጂ ሰው አይደለም። በከተማ መንገድ ባለሙያዎች ስሌት ሦስት ሜትር ስፋት ያለው አንድ ረድፍ ለግል መኪና ሲተው በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል፤ ለአውቶቡስ ብቻ ሲለይ ግን ከ4,000 እስከ 8,000 ያደርሳል። ጥቂቶች ብቻቸውን ተቀምጠው የሚይዙት ቦታ ለብዙኃኑ መተላለፊያ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አንሻም። (የኤሌክትሪክ መኪና መምጣቱ ችግሩን ይፈታል የሚለው አባባልም በዚሁ ሚዛን መታየት አለበት፤ መኪናው በነዳጅ ይሂድ በኤሌክትሪክ፣ ወለሉ ላይ የሚይዘው ቦታ ያው ነው።)

በሰኔ 2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ እግረኛውንና ብስክሌተኛውን የመንገድ ባለመብት አድርጎ መነሣቱ ተገቢ እርምጃ ነው። የሚቀረው ተግባር ነው። የብስክሌቱ መንገድ በድልድዩ ጫፍ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ከአባይ ማዶ የተነሣ ተማሪ መሐል ከተማ ከመድረሱ በፊት ከከባድ መኪና ጋር ይጋፈጣል። መንገዱ የባጃጅ ማቆሚያ ወይም የአሸዋ መከመሪያ ከሆነም እንደዚያው።

ከሦስቱ የተሽከርካሪ ረድፎች አንዱ በየአቅጣጫው ለአውቶቡስና ለሕዝብ ማመላለሻ ሚኒባስ ብቻ እንዲሆን፣ ቢያንስ ሠራተኛው በሚወጣበትና በሚገባበት ሰዓት፣ በደንብ ሊወሰን ይገባል እንላለን። ይህን ለማድረግ የሚበጀው ጊዜ የግል መኪናው ስድስቱንም ረድፎች እንደ ርስቱ መቁጠር ሳይጀምር ነው። ሥራው የሚጠይቀው ቀለም፣ ምልክትና ተቆጣጣሪ የትራፊክ ፖሊስ ነው። ጥያቄውን ለከተማው አስተዳደርና ለክልሉ የመንገድና ትራንስፖርት ኃላፊዎች እናቀርባለን፤ መልሱንም ከአባይ ማዶ ነዋሪዎች ጋር ሆነን እንጠብቃለን።