ሁሉም ሳል «ብርድ» አይደለም!

«እናቴ ሲጋራ አጭሳ አታውቅም፣ ሳንባዋ ምን ይሆናል? ብርድ ነው» ትላላችሁ። እሺ፣ ሲጋራ አላጨሰችም። ግን 30 ዓመት ሙሉ መስኮት በሌለው ማዕድ ቤት እንጨትና ኩበት እያነደደች ጋግራ አብልታችኋለች። ያ ጭስ ነው የአየር ቧንቧዋን ቀስ በቀስ የሚያጠበው። ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ (ሲኦፒዲ) የአጫሾች ብቻ አይደለም!

ሲጀምር ጠዋት ጠዋት አክታ ያለው ሳል ነው፤ ተወኝ ሲባል ይመለሳል፣ ወራት ይቆያል። ቀጥሎ ትንፋሽ ማጠር። ይሄኛውን ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱም ታማሚው ሳያውቀው ይደብቀዋል። ዳገቱን ትቶ በሜዳው ይዞራል፣ ገበያ ልጅ ይልካል፣ «አረጀሁ» ይላል። እናንተም «እድሜ ነው» ብላችሁ ታልፋላችሁ። ታዲያ እኩዮቿ ዳገቱን ሲወጡት እሷ ለምን መሃል ላይ ትቆማለች?

በዓመት ሦስት አራቴ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን እየገዛችሁ ስጡ ያላችሁስ ማነው? አንቲባዮቲክ የጠበበ ቧንቧ አይከፍትም። (ያለ ማዘዣ የምትሸጡም ተዉ!)

ሳል 2 ሳምንት ከሞላው መጀመሪያ የቲቢ ምርመራ ይደረግ። ቲቢ የለም፣ ራጅም ንጹህ ነው ተብሎ ሳሉ ከቀጠለ ግን ጉዳዩ አላለቀም። በሽታው ሲጀምር ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ስለ ትንፋሽ መለኪያ ምርመራ (ስፓይሮሜትሪ) ሐኪማችሁን ጠይቁ። አክታው ደም ካለው፣ ከንፈር ከጠቆረ ወይም ተቀምጣም ትንፋሽ ካጠራት ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

ምድጃውንም ከቤት አውጡት። ሕፃን አዝሎ ጭስ ውስጥ መጋገርም ይቁም።