ታናናሾቻችን ላይ አታሹፉ፣ ክፍል ክፈቱላቸው

ወገን፣ እስቲ ዛሬ ስለ ታናናሾቻችን እናውራ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት እንበል። በሳምንቱ ቀናት ለሒሳብ ኦሊምፒያድ ትለማመዳለች። ቅዳሜ የኮዲንግ ውድድር አለባት፣ እሁድ ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር ለገጠር ሴት ተማሪዎች የንጽሕና መጠበቂያ ታሰባስባለች። እንዲህ ዓይነት ልጅ ሰርተፍኬት ይዛ የተነሳችው ፎቶ ሲለጠፍ ከሥሩ የሚጻፈውን ታውቁታላችሁ። ግማሹ «ጎበዝ እህቴ፣ ገና ምኑ ታይቶ!» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ለአሜሪካ ስኮላርሺፕ ብላ እንጂ ለሀገር አስባ መሰላችሁ?» ብሎ ያሾፋል። እኔ ከሁለቱም ጋር አይደለሁም።

መጀመሪያ ለአሿፊው። ልጅቷ ውጭ መማር ብትፈልግ ምን ያስቆጣል? እዚያ ያሉት ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከማርክ ሌላ «ለአካባቢሽ ምን ሠራሽ?» ብለው ይጠይቋታል። እኛ ጋ ማን ጠየቃት? ሦስት ዓመት ሙሉ የሰፈር ሕፃናትን ብታስጠና፣ በውድድር አንደኛ ብትወጣ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባት የጥቂት ቀን ፈተና ነው። ያውም ፈተናው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ነው የሚውለው። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድም በአብዛኛው ሐምሌ ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል ልጅ የትኛውን ትምረጥ?

ፈተናው ደግሞ ቀልድ አይደለም። 50 ከመቶና በላይ ያመጣው በ2014 ከተፈተነው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። አንድም! እናት ይህን ሰምታ ልጇን «ክለቡ ይቅርብሽ፣ ደብተርሽን ያዥ» ብትላት እኔ እናትየዋን አልፈርድባትም።

ለአድናቂውም የምለው አለኝ። «አንበሳ ነሽ» እያልን ልጆቹ ላይ ሸክም እየቆለልን ነው። ዓለም አቀፉ ኦሊምፒያድ በሁለት ቀን ስድስት ጥያቄ ነው፣ በቀን ሦስት፣ ለሦስቱ አራት ሰዓት ተኩል። ይህ ማለት አንድ ጥያቄ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ቁጭ ብሎ ማሰብ የለመደ ጭንቅላት ይፈልጋል። ከትምህርት ቤት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥታ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ ለስፖንሰር ደብዳቤ ጽፋ፣ ለፕሮጀክቱ ገጽ ፖስት አዘጋጅታ፣ ማታ መብራት ከኖረ ሒሳብ የምትከፍት ልጅ ያንን ጭንቅላት ከየት ታምጣው?

ፕሮጀክቶቹም ቢሆኑ እውነቱን እንነጋገር። ብዙዎቹ ከፎቶው ማግስት ይሞታሉ። ክረምት ላይ ቲሸርት ተለብሶ የተተከለውን ችግኝ ጥር ላይ ማን ውሃ አጠጣው? አምስት ክለብ መሥርቶ አምስት ጊዜ «ፕሬዚዳንት» ከመባል ሦስት የ7ኛ ክፍል ልጆችን ይዞ ክፍልፋይ እስኪገባቸው ዓመት ሙሉ ማስጠናት ይበልጣል። ለውድድሩም ቢሆን ይጠቅማታል፤ ለሌላ ሰው ያስረዳሽው ነገር ካንቺም አይጠፋም።

ደግሞ ይሄ «ሶሻል ኢምፓክት» የሚሉት ነገር ከውጭ የመጣ አዲስ ግኝት ተደርጎ ሲወራ ይገርመኛል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ የማገልገል ግዴታ ነበረበት፣ አብዛኛውም በመምህርነት። ያ ዓመት ካልተሟላ ድግሪ የለም። በ1967 ደግሞ በእድገት በህብረት ዘመቻ 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር ገጠር ወርዷል። የዘመቻውን ፖለቲካ ማሞገሴ አይደለም፣ በግዴታ ነበር፣ ስንቱ ወጣትም ደሙን ከፍሎበታል። ግን የዩኒቨርሲቲው አሠራር አንድ ነገር ያሳያል፦ አገልግሎት ይቆጠር ነበር። ዛሬ አይቆጠርም። ስለዚህ የሚቆጥርላቸውን ሰው ውጭ ቢፈልጉ ጥፋቱ የነሱ ነው?

ሌላው የሚያናድደኝ ዕድሉ የሚደርሰው ለማን እንደሆነ ነው። ውድድር ሲባል ከተማ፣ ላፕቶፕ፣ ዋይፋይ፣ ታክሲ የሚከፍል ወላጅ። ከወረዳ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው ልጅ ውድድር እንዳለ የሚሰማው ካለቀ በኋላ ነው። ሊሠራ እንደሚችል ግን ታይቷል። ጄላኒ ኔልሰን የሚባል፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነች የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ፣ ኤምአይቲ ዶክትሬቱን በጨረሰበት ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2011፣ አዲስ ኮደርን ጀመረ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በክረምት ሰብስቦ በነፃ ፕሮግራሚንግና አልጎሪዝም ማስተማር ነው። ከዚያ ያለፉ ልጆች ዓለም ላይ አሉ የሚባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተዋል። የጎደለው ጭንቅላት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ድግሪ ይዞ ቤት የተቀመጠው ወጣት ስንት ነው? ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኢንጂነሪንግ ጨርሶ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፎ፣ ጠዋት የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ «የሥራ ልምድ 3 ዓመት» የሚለውን አንብቦ የሚመለስ። እኔም አንዱ ነኝ። ባለፈው ክረምት አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ «ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ በነፃ ላስጠና፣ ክፍል ብቻ ስጡኝ» ብል ከወረዳ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ወረዳ ስሄድ መጀመሪያ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አምጣ አሉኝ። ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ። ክፍሎቹ እስከ መስከረም ተቆልፈው ከረሙ።

እና ጥያቄዬ ቀላል ነው። ትምህርት ቤቶች በክረምት ሁለት ክፍል ይክፈቱ። ሥራ ያጣው ምሩቅ ያስጠና፣ ያገለገለበትም ወር በማኅተም ተረጋግጦ ሥራ ሲወዳደር እንደ ልምድ ይያዝለት። ተማሪዎቹም አንድ ውድድር፣ አንድ ፕሮጀክት ይምረጡ፤ ከዚያ ያለፈውን እኛ ታላላቆቻቸው እንሸከመው። የዞን ውድድር ለማዘጋጀት እኮ ጥቁር ሰሌዳ፣ ወረቀትና ጥያቄ የሚያወጣ ሰው ይበቃል። ጥያቄ የሚያወጣ ሰው ደግሞ በየሰፈሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

በየከተማችሁ ቁልፉን የሚሰጥ ርዕሰ መምህር ካወቃችሁ የትምህርት ቤቱን ስምና ከተማውን ጻፉልን። የምታስጠኑትን ትምህርትና በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትችሉም ጨምሩበት። የኔ ሒሳብ ነው፣ በሳምንት አሥር ሰዓት።