ክራኩን ትተን በነፃው እንጀምር
የውኃና የአየር ፍሰትን በኮምፒውተር ማስላት በራሳችሁ ለመማር ካሰባችሁ ውድ ሶፍትዌር በክራክ አትጫኑ። የሰው ሐቅ ነው፤ ቫይረስም ይዞ ይመጣል። ደግሞም አያስፈልግም።

ኦፕንፎም ነፃ ነው፤ ግን በጽሑፍ ፋይልና በትእዛዝ ስለሚሠራ ጀማሪን ያስደነግጣል። ስለዚህ ፍሪካድ ላይ በሚጨመረው ሲኤፍዲኦኤፍ ጀምሩ እንላለን። ቧንቧውን ስላችሁ መግቢያና መውጫውን በማውስ ትመርጣላችሁ፤ ከጀርባ የሚያሰላው ያው ኦፕንፎም ነው። ሲምስኬል በብራውዘር ይሠራል፤ ግን ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራችሁም ይቆማል።

የትኛውንም ብትመርጡ መጀመሪያ ረጅም ክብ ቧንቧ ሞክሩ። ውኃው ሳይናወጥ በዝግታ ሲፈስ፣ ከመግቢያው ርቆ የመሃሉ ፍጥነት የአማካዩ 2 እጥፍ መሆን አለበት። ካልሆነ ባለቀለሙ ሥዕል ያምራል እንጂ እውነት አይደለም። ሶፍትዌር መማር ማለት ይህን መለየት ነው ብለን እናምናለን።