ሕግ ለመማር የሚያስብ ወጣት አስቀድሞ ምን ይማር?

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። በአሜሪካ አገር ሕግ ለመማር የሚያስቡ ወጣቶች፥ በዚያው ያደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆችም ጭምር፥ ነገሩን ከሥሩ ቢመለከቱት ብዙ ድካም ይቀንስላቸዋል ብለን እናምናለን።

እንደሚታወቀው በአገራችን ሕግ በመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል። በአሜሪካ ግን ተማሪው እንደ ልማዱ በሌላ ትምህርት አራት ዓመት ቆይቶ ዲግሪ ከያዘ በኋላ ነው ወደ ሕግ ትምህርት ቤት የሚገባው፤ በዚያም ሦስት ዓመት ይማራል። እንግዲህ በፊተኞቹ አራት ዓመታት ምን ይማር?

ብዙ ወላጆች «የፖለቲካ ሳይንስ ያልተማረ ጠበቃ አይሆንም» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። የሕግ ትምህርት ቤቶችን የሚመዝነው የአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር አንድም የትምህርት ዓይነት ለይቶ አያዝም። የሚመክረው ችሎታን ነው፤ ይኸውም አስተውሎ ማንበብ፥ አጥርቶ መጻፍ፥ አሳብን በቃል ማስረዳትና ነገርን መመርመር ነው። ስለዚህ ተማሪው የትምህርቱን ስም ሳይሆን የሚያሠራውን ሥራ ይጠይቅ። መምህሩ ጽሑፍ አርሞ እንደገና ያስጽፋልን? ሎጂክ የክርክርን አካሄድ ያሳያል፤ ታሪክ ማስረጃ መመዘንን ያለማምዳል፤ የሒሳብ መዝገብ አያያዝም በኩባንያና በግብር ክርክር ጊዜ ይጠቅማል።

ኤልሳት የተባለው የመግቢያ ፈተና ከ120 እስከ 180 ነጥብ ይሰጥበታል። «የሎጂክ ጨዋታ» ይባል የነበረው ክፍል ከነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስለ ቀረ፥ ነጥብ የሚያዘው በንባብና በክርክር ምርመራ ብቻ ሆኗል። ይህ ችሎታ ደግሞ በሁለት ወር ጥናት ብቻ አይገኝም።

እዚህ ላይ ግን ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ለማመልከቻው ውጤት ሲደመር የአንደኛው ዓመት ማርክ ሁሉ ይቈጠራል፤ የወደቁበትን ትምህርት ደግሞ ቢያልፉትም የፊተኛው ማርክ ከድምሩ አይወጣም። ከዚህ ፍርሃት የተነሣ ብዙዎች ቀላል ቀላሉን ይመርጣሉ። በእኛ አስተያየት መድኃኒቱ ከከባዱ መሸሽ ሳይሆን ማከፋፈል ነው፤ በየመንፈቁ ጽሑፍ የሚበዛበትን አንድ ወይም ሁለት ትምህርት ወስዶ የቀረውን በአቅም መምረጥ ይገባል። ጽሑፉን ደጋግሞ ያረመ መምህር ኋላ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠየቅ ስለ ተማሪው የሚመሰክረው አያጣም።

አባቶቻችን በበልሃ ልበልሃ ሙግት ጊዜ አንደበተ ርቱዕን ያደንቁ ነበር። የዛሬው ሙግት ግን አብዛኛው በወረቀት ላይ ነው። አሻሚ ደብዳቤ ባለጉዳይን እንዴት እንደሚያንከራትት በቢሮ የሚሠራ ወጣት ሹም ሁሉ ያውቀዋል፤ በደንብ ያልተጻፈ አቤቱታም የሰው ርስት ወይም ነፃነት ሊያሳጣ ይችላል። ስለሆነም ለሕግ የሚዘጋጅ ተማሪ በምዝገባው ቀን ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «ማርክ የሚሰጠኝ የቱ ነው?» ብቻ ሳይሆን፥ «ነገ ጉዳዩን አምኖ ለሚሰጠኝ ሰው የሚያበቃኝ የቱ ነው?» ብሎ ነው።