አንጎል ሲራብ

የትዳር ጓደኛችሁን በድንገት ላብ ቢያጠምቀው፣ ንግግሩ ቢዘበራረቅ ወይም ያለ ምክንያት ቢቆጣ ምን ትላላችሁ? «ጠባዩ ተለወጠ» ወይም «መንፈስ ነው» ከማለታችሁ በፊት የደሙ ስኳር ይለካ።

አንጎል የሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆንም፣ ከምንጠቀመው ኃይል 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። በቂ ስንቅ ስለማያስቀምጥ የደም ስኳር ሲያንስ ቶሎ ይታወካል። ጉበት ወይም ኩላሊት ሲደክም፣ በብርቱ ተቅማጥ የሰውነት ጨው ሲዛባም እንዲሁ ሊሆን ይችላል።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በአሶሳም ሆነ በፓዌ፣ ወባን መዘንጋት አይገባም። ከባድ ወባ የደም ስኳርን ሊያወርድ ይችላል፤ ቀደም ሲል ለሕክምናው በመርፌ በብዛት ይሰጥ የነበረው ኩዊኒንም ኢንሱሊንን ስለሚያበዛ ችግሩን ያባብስ ነበር። ይበልጥ የሚጎዱት ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ናቸው። ትኩሳት የያዘው ልጅ ቢፈዝ ወይም ቢንቀጠቀጥ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ምግብ ሲያልፈው ስኳሩ በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ጾም ከመያዙ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ምልክቱ ሲታይ፣ መዋጥ ከቻለ በውኃ የተበጠበጠ ስኳር አጠጡት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡት፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ፈጥናችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት።

ጸልዩለት፤ እየጸለያችሁም መኪና ፈልጉለት።